የማታ እግር

የእህቴ ባል ደበሳይ ቁልቁለት ይፈራል ተብሎ በአስመራ ስፖርተኞች ዘንድ ተወርቶበት ነበር። ወሬውን የጀመረው ጠላቱ አይደለም። አሠልጣኙ ኣያ ተኽኣ ናቸው፤ እሳቸውም በዓይናቸው ያዩትን ነው የተናገሩት። ከዓመት በፊት በጠቅላይ ግዛቱ የምርጫ ውድድር፣ ከከተማው ተነሥቶ የምጽዋን መንገድ እስከ አርባሮባ ወርዶ በሚመለሰው ሩጫ፣ ደበሳይ ከሁሉም ቀድሞ ከከተማ ወጣ። መንገዱ ከደጋው ጫፍ ወደ ታች መጠማዘዝ ሲጀምር ግን እርምጃው ተሰበረ፤ ጭቃ ላይ እንደሚሄድ ሰው እግሩን እየመረጠ ማስቀመጥ ጀመረ። ሁለት ሰዎች አለፉት። በመልሱ ዳገት እንደ እሱ የወጣ አልነበረም፤ ሆኖም አልደረሰባቸውም። ለአገር አቀፉ ሻምፒዮና አዲስ አበባ የሚሄዱት ሁለት ብቻ ናቸው። እሱ ሦስተኛ ወጣ።

"እግርህ ምንም አልሆነም፤ ልብህ ነው ፍሬን የሚይዘው" አሉት ኣያ ተኽኣ።

ደበሳይ ሠላሳን አልፏል። ቀን ቀን በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ይሠራል፤ ከሥራ ሲወጣ ይሮጣል። "ዘንድሮም ካልተመረጥኩ ይበቃኛል" ብሎ ለእህቴ ለለተሰንበት ነግሯታል። እኔ ትምህርቴን ጨርሼ ከአዲስ አበባ ከተመለስኩ ወዲህ ዓኽርያ ሰፈር እነሱ ቤት ስለምኖር፣ ረጅም ሩጫ በሚኖረው ቀን ውኃ ይዤ በብስክሌት እከተለዋለሁ።

የሚሮጥበት ጫማ ኣያ ተኽኣ ያሠሩለት ነው። እሳቸው በጣልያን ዘመን ብስክሌት ይወዳደሩ ነበር። አሁን የፋብሪካውን ቡድን ያሠለጥናሉ፤ ብስክሌተኞቹ ብዙ፣ ሯጮቹ ጥቂት ናቸው። በእኛ ከተማ ስፖርት ማለት ብስክሌት ስለሆነ፣ የሯጩም ሕግ ከብስክሌቱ የተወረሰ ነበር። ለብስክሌተኛ ጫማ የሚሠራ አንድ ሽማግሌ ጣልያናዊ ጫማ ሰፊ ዘንድ ወስደው፣ ጠዋት ወንበር ላይ አስቀምጠው አስለኩት። ጫማው ከስስ ጥቁር ቆዳ የተሠራ ሲሆን እንደ ጓንት ልክክ ይላል። "ጫማ ውስጥ የሚንቀሳቀስ እግር ጉልበት ያባክናል" ይላሉ ኣያ ተኽኣ። ለብስክሌት እውነታቸውን ነው። ብስክሌተኛ ተቀምጦ ነው የሚነዳው፤ ክብደቱን የሚሸከመው ኮርቻው ነው።

ደበሳይ የእግሩን ነገር ለማንም አልተናገረም። የደረሰችበት እህቴ ናት።

እሁድ ነበር። ጠዋት ቅዳሴ አስቀድሶ መጣ፤ ከዚያ ረጅም ሩጫውን ሮጠ፤ ከሰዓት በኋላ ሠርግ ተጠርተን ነበር። ታጥቦ፣ ሱፉን ለብሶ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ከጫማው ጋር ይታገላል።

"ምን ሆንክ? ሙሽራዋ እየጠበቀችህ ነው" አለች ለተሰንበት።

"አልገባ አለኝ።"

"ጠዋት ቤተ ክርስቲያን አድርገኸው ሄደህ የለ እንዴ? ቄሱ ናቸው ያጠበቡት?" ብላ እየሳቀች ልትረዳው ጎንበስ አለች። ካልሲውን ስትገፈው ሳቋ ቆመ። የሁለቱም አውራ ጣቶቹ ጥፍር እንደ ከሰል ጠቁሯል። የትንንሾቹ ጣቶች ጥፍር ጭራሽ የለም።

"ኣንታ! ይሄ ምንድን ነው?"

ደበሳይ የሠርግ ጫማውን በእጁ ይዞ እግሩን ያያል፤ እግሩን ያይና ደግሞ ጫማውን ያያል።

"ኣያ ተኽኣ ያስለኩት የጠዋት እግሬን ነው" አለ። "የሚሮጠው ግን ይሄኛው ነው። ቁልቁለት ስወርድ ያበጠው ሁሉ ወደፊት ይሄድና ጣቴ የጫማውን ግድግዳ ይመታል።"

"ታዲያ ለምን አትነግራቸውም?"

"ያሠሩልኝን ጫማ? በምን አፌ?"

ሠርጉን በነጠላ ጫማ ሄደ። በነጋታው ግን ቁርጡን ነገረኝ፦ ረጅም ሩጫ ይሮጣል፤ ከዚያ ሳይታጠብና ሳያርፍ በቀጥታ ጫማ መደብር ይገባል። "ካረፍኩ እግሬ ይሟሽሻል። ደግሞ ይዋሸኛል" አለ።

ይህ በሌላ ከተማ ቢሆን ቀላል ነገር ነበር። በእኛ ከተማ ግን ከፋብሪካ ወጥቶ ረጅም ሩጫ የጨረሰ ሰው ዋናው ጎዳና የሚደርሰው በማታ ሽርሽር ሰዓት፣ በፓሰጃታው ነው። በዚያ ሰዓት ያልተተኮሰ ሸሚዝ ያለው ሰው በጓሮ መንገድ ነው የሚያልፈው።

ዓርብ ዕለት ወጣን። ወደ ከተማ ስንመለስ ኬላው ላይ ያለው ወታደር መታወቂያዬን እያገላበጠ ወደ ደበሳይ ጠቆመኝና፣ "እሱ ከማን ነው የሚሸሸው?" አለኝ።

"ከሦስተኛነት" አልኩት። ምን እንደገባው እንጃ፣ ሳቀና አሳለፈን።

ጎዳናው ሞልቷል። ባርኔጣ፣ ከረባት፣ የተወለወለ ጫማ፣ ክንድ ለክንድ የተያያዙ ሴቶች። ደበሳይ በቁምጣ፣ ላቡ ከአቧራ ጋር ፊቱ ላይ ደርቆ፣ መሐላቸውን ሰንጥቆ አለፈ። ሰው መንገድ ለቀቀለት፤ ከአክብሮት ግን አልነበረም። መደብሩ ውስጥ የምትሸጠው ኣዜብ የምትባል ልጅ ናት። ስታየው ከባንኮኒው ጀርባ አልተነሣችም።

"ውድድሩ እዚህ ነው እንዴ የሚያልቀው?"

"ለሩጫ የሚሆን ጫማ ፈልጌ ነው፣ ሓፍተይ። ጎማ ሶል ያለው።"

ነጭ ሸራ ጫማ አመጣችለት፤ እሱ የሚያደርገውን ቁጥር ጠይቃ። አጥልቆት ቆመና ወደ በሩ ተራመደ።

"ወዴት?"

"ትንሽ ልሩጥበት።"

"ኣይፋል! ሶሉ ከቆሸሸ ባለቤቱ እኔን ነው የሚሸጠኝ!"

ደበሳይ ዙሪያውን ሲቃኝ ዓይኑ ሻጮች የደንበኛን እግር በሚያሳርፉበት በርጩማ ላይ አረፈ። የበርጩማው ፊት ተዳፋት ነው። ጎትቶ አመጣና በአንድ እግሩ ተዳፋቱ ላይ ቆመ፤ ጣቶቹን ወደ ታች አድርጎ ክብደቱን ሁሉ ለቀቀበት። ፊቱ ተኮማተረ። "ይመታል" አለ። ኣዜብ አንድ ቁጥር ጨመረችለት። እሱም መታ። ነገሩ ሲገባት በርጩማውን ራሷ ያዘችለትና ከመደርደሪያው ላይ ማንም የማይገዛውን ትልቅ ቡናማ ጫማ አወረደች። ሶሉ ወፍራም፣ አፍንጫው እንደ ዳክዬ ምንቃር ሰፊ ነው።

"አስቀያሚ ነው፤ ግን ሰፊ ነው" አለች።

ደበሳይ ተዳፋቱ ላይ ቆመ። ዘለለ። ደግሞ ዘለለ።

"አልመታም" አለ። ወደ እኔ ዞረ። "አልመታም!"

ይህን ጊዜ ከመስታወቱ ውጭ ሰው ተሰብስቦ ነበር። ከመሐል አንድ ግራጫ ባርኔጣ ብቅ አለ። ኣያ ተኽኣ ከድሮ ብስክሌተኛ ጓደኞቻቸው ጋር ሽርሽር ላይ ናቸው። በሩን ከፍተው ገቡ።

"ኣንታ ደበሳይ! በጓደኞቼ ፊት በሙታንታ?"

"ቁምጣ ነው፣ ኣያ ተኽኣ።"

"ምን ልታደርግ መጣህ? ጫማ የለህም?"

ደበሳይ አንገቱን ደፋ። የሚዋሽ መስሎኝ ነበር። ግን ተቀመጠና ጫማውን ፈታ፤ ካልሲውን አውልቆ እግሩን በርጩማው ላይ አኖረላቸው። ኣዜብ አፏን በእጇ ያዘች። ኣያ ተኽኣ ጎንበስ ብለው የጠቆሩትን ጥፍሮች አዩ።

"ለምን አልነገርከኝም?"

"እርስዎ ነዎት ያሠሩልኝ። ጠዋት ልክ ነው። ማታ ግን እግሬ ሌላ ነው።"

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን ለኣዜብ ሰጧት፤ የሱፋቸውን ጉልበት ሳብ አድርገው መሬት ላይ ተንበረከኩ። ሰፊውን ጫማ መልሰው አጠለቁለትና ጫፉን በአውራ ጣታቸው ተጫኑት።

"ይሄ ጫማ ሳይሆን ጀልባ ነው" አሉ። ከዚያ ተረከዙን ይዘው ነቀነቁት። "ጀልባ ውስጥ ደግሞ እግርህ ይንሸራተታል። ተንሸራትቶ ሄዶ ያንኑ ግድግዳህን ይመታል። አየህ?"

እውነታቸውን ነበር። ደበሳይም ተሰምቶት ኖሮ ራሱን ነቀነቀ።

ኣያ ተኽኣ ክሩን ከታች ጀምረው ፈቱት። ጣቶቹ ላይ አላልተው፣ የእግሩ ጀርባ ላይ ሲደርሱ ግን አጥብቀው ሳቡና ከቁርጭምጭሚቱ በታች ሁለቴ አዙረው አሠሩት። "ብስክሌተኛ የሚያውቀው ነገር ይሄ ነው። ተረከዝህ ይታሰር፤ ጣትህ ይፈታ። በል ዝለል።"

ዘለለ። በርጩማው ጮኸ። ከውጭ አንዱ የኣያ ተኽኣ ጓደኛ፣ "ተኽኣ፣ ጫማ መጥረግ ጀመርክ እንዴ?" ብሎ ቢጮህ፣ "ያንተንም አምጣ፣ ቆሽሿል!" ብለው መለሱለት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አዲሱን ጫማ ለማላመድ ተጣደፍን። በመጀመሪያ ከዓኽርያ እስከ ፋብሪካው ሥራ ሲሄድበት፣ ቀጥሎ አጭር ሩጫ፣ በመጨረሻም የፎርቶን ኮረብታ ሽቅብ ቁልቁል። ኣያ ተኽኣ ግርጌው ላይ ቆመው ሲወርድ እግሩን ብቻ ያያሉ። አያሞግሱም። አንድ ማታ ብቻ፣ "ልብህ አልነበረም" አሉት።

የውድድሩ ቀን ጥር ላይ ነበር። ጉሙ ከቆላው ተነሥቶ የደጋውን አፍ ዘግቶታል። እኔ በብስክሌት ከኋላ ነኝ። እስከ ደጋው ጫፍ ድረስ ፊት የነበረው ወልደትንሣኤ ነው፤ ፖሊስ ነው፣ ባለፈው ዓመት ከተመረጡት አንዱ። ደበሳይ በሦስተኛነት ይከተላል። የመጀመሪያው ጠመዝማዛ ላይ ሲደርስ ዓይኔን እግሩ ላይ ተከልኩ።

ደበሳይ ወረደ። እግሩን አልመረጠም። ሁለት እጁን ከጎኑ ከፈት አድርጎ ጉሙ ውስጥ ተወረወረ፤ እኔ ፍሬን ይዤ ነው የምከተለው። በሁለተኛው ጠመዝማዛ አንዱን አለፈ። በአራተኛው ወልደትንሣኤን። የጎማው ሶል አስፋልቱ ላይ ጠብ ጠብ ሲል ይሰማኛል፤ ከፊቴ ግን ነጭ ጉም እንጂ ሰው አይታየኝም።

አርባሮባ መዞሪያው ላይ ስደርስ መሬት ላይ ተንበርክኮ አገኘሁት።

ብስክሌቴን ጣልኩ። "ተጎዳህ?"

"ክሩ ላላ። ተረከዜ እየተነሣ ነው።"

"ተወው፣ ሩጥ! መጡብህ!"

"ኣይፋል። ዳገቱ ረጅም ነው።"

ወልደትንሣኤ አለፈ። ሌላውም አለፈ። ደበሳይ ቀና ብሎ እንኳ አላያቸውም። ክሩን ከታች ጀምሮ ፈታ፤ ጣቶቹ ላይ አላላ፣ ጀርባው ላይ ሳበ፣ ሁለቴ አዙሮ አሠረ። እኔ ልጮህ ነበር። ሦስተኛነት እንደገና ዓይኔ ፊት ቆሟል።

ከዚያ ተነሣና ዳገቱን ጀመረው።

እንዴት እንደወጣው ልነግራችሁ የምችለው፣ በብስክሌት እንኳ ልደርስበት እንዳልቻልኩ ብቻ ነው። ወርጄ እየገፋሁ ነበር። ጉሙ ሳስቶ በላይኛው መንገድ ላይ ሲታየኝ ሁለተኛውን ሰው አልፎታል። ይህ ብቻውን አዲስ አበባ ያስገባዋል፤ ሊበቃው ይችል ነበር። ጭንቅላቱ ግን ወደ ወልደትንሣኤ ጀርባ እንዳቀና ነው። ደጋው ላይ ወጥቼ ብስክሌቴ ላይ ስቀመጥ ሁለቱ ትከሻ ለትከሻ ሆነው ወደ ከተማው ይሮጣሉ፤ ወልደትንሣኤ ጥርሱን ነክሶ ያለውን ሁሉ እየሰጠ ነው። ጎበዝ ሰው ነው፤ እስከ ጎዳናው መግቢያ አልለቀቀም።

ኣያ ተኽኣ እዚያ ጋ በብስክሌታቸው ላይ ሆነው ጠበቁት። "ጣትህስ?" ብለው ጮኹ።

"አለ!" አለ ደበሳይ።

"እንግዲያስ ሂድበት!"

ሄደበት። የጎዳናው ዘንባባዎች ሥር ሕዝቡ ከእግረኛ መንገዱ ፈስሶ ወርዷል። ደበሳይ ካቴድራሉ ፊት የተዘረጋውን ገመድ በደረቱ ሲበጥስ ወልደትንሣኤ ገና ከኋላው ነበር። ለተሰንበት ነጠላዋ ከትከሻዋ ወድቆ እልልታዋን ለቀቀችው፤ የፋብሪካው ሴቶች ተቀበሏት። ወልደትንሣኤ እንደደረሰ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተነፈሰና የደበሳይን ትከሻ ያዘ፤ "አዲስ አበባ አብረን ነን፤ እዚያ ግን አልለቅህም" አለው።

የፋብሪካው ልጆች ደበሳይን ተሸከሙት። "አውርዱኝ! በእግሬ እሄዳለሁ!" እያለ ይጮሃል፤ የሚሰማው የለም። ኣያ ተኽኣ ባርኔጣቸውን እያውለበለቡ ከፊት ከፊት ይነዳሉ፤ "መንገድ ልቀቁ! ማኪናውን አንሡ! መንገድ!" እያሉ። መንገዱ ሁሉ ተለቀቀላቸው። እኔም ብስክሌቴን ይዤ እየሮጥኩ ተከተልኳቸው።