ለጠንቋዩ ያልተሰጠ ስም

ጋሽ ምንይችል የማኅበሩን ጽዋ ይኸነውን አልፈው ከአጠገቡ ለተቀመጠው ሰው ሰጡ። ይኸነው የዘረጋቸውን እጆቹን ወደ ጉልበቱ መለሰ። የሚቀጥለውን ወር የጊዮርጊስ ማኅበር የሚያወጣው እርሱ ነበር፤ እናቱ ለጠላው ጌሾ ከጥሊሊ አስመጥታለች።

"ጋሼ፣ ተራው የእኔ መሰለኝ።"

"ይቆይ" አሉ ማኅበሩን በሙሴነት የሚመሩት ጋሽ ምንይችል፣ ፊቱን ሳያዩ። "መጀመሪያ የሚጣራ ነገር አለ።"

ከበሩ አጠገብ አንዱ፣ "ስልኩን ተቀበሉት፣ ይህንንም እንዳይጽፈው" ሲል ሁለት ሰዎች ሳቁ።

ይኸነው ያን ጊዜ ገባው። ብሎግ ከፍቶ ስለ እምነት ይጽፋል፤ ስሙን ግን አላወጣበትም። ጸሐፊው እርሱ መሆኑን የሚያውቀው ፎቶ ኮፒ ቤት አብሮት የሚሠራው አሸናፊ ብቻ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት እትዬ ደጊቱ በማኅበሩ የተናገሩትን ጽፎ ነበር፦ ልጃቸው ታማ ጠንቋይ ቤት መሄዳቸውን፣ ኋላም ተጸጽተው ለጊዮርጊስ መሳላቸውን። ስማቸውን እንኳ ቀይሮታል።

ወደ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ሲሄድ የባጃጁ ሹፌር በመስታወት ደጋግሞ ያየው መሰለው። አሸናፊ ወረቀት እየደረደረ ነበር።

"ለማን ተናገርህ?"

"ምኑን?"

"ብሎጉን።"

"እኔ? አንብቤ ጨርሼው አላውቅም እኮ! ርዝመቱ የባንክ ውል ነው የሚመስለው።"

ይኸነው አላመነውም። ስልኩን አወጣ። ጽሑፉን አራት ሺህ ሰው አንብቦታል፤ እንዲህ ተነብቦለት አያውቅም። ከሥሩ አንድ የማያውቀው ሰው፣ "ሴትዮዋ የት ሰፈር ናቸው?" ብሎ ጠይቋል። ለምን ፈለጋቸው? ስልኩን ወደ ኪሱ መልሶ ወጣ።

እትዬ ደጊቱ ደጃፋቸው ላይ የዘር ድንች ይለቅማሉ። ሲያዩት በአውኚ ቋንቋ አንድ ነገር አጉረመረሙ፤ ተቀመጥ አላሉትም።

"እትዬ፣ ስምዎን አላወጣሁም። አንድም ቦታ ደጊቱ አላልሁም።"

"ወለተ ጊዮርጊስ ያልኸው ማንን ነው?"

"እሱማ የክርስትና ስምዎ ነው። ከቤተ ክርስቲያን ውጭ ማን ያውቀዋል ብዬ…"

"ፋና ታውቀዋለች። የገዛ ልጄ ዳንግላ ሆና አንብባው እያለቀሰች ደወለችልኝ። ለጋሽ ምንይችልም የነገርኋቸው እኔ ነኝ። ያን ነገር ያወራሁት ለማኅበሩ ብቻ፣ አንተም ፊት ለፊቴ ተቀምጠህ ነው። ሌላ ማንን ልጠርጥር?"

ይኸነው አሸናፊን አስቦ አፈረ።

"ያ ጠንቋይ" አሉ እትዬ ደጊቱ፣ "ልጅሽ እንድትድን የክርስትና ስምሽን ንገሪኝ እያለ ሲለምነኝ ዋለ። በስሜ ድግምት ሊያስርብኝ! እምቢ ብዬ ጥዬው ወጣሁ። ለእሱ ያልሰጠሁትን ስም አንተ ለአገር በተንኸው።"

"አሁኑኑ አጠፋዋለሁ።"

"አጥፋው። ግን ለምን ጻፍኸው?"

"ሰው እንዲማርበት። ለእግዚአብሔር ክብር።"

"በእኔ ገመና?" የበሰበሰ ድንች ወደ አጥሩ ወረወሩ። "አንተ የምትመረቅ ዓመት ለጊዮርጊስ ጥላ አልተሳልህም? በዚህ ጆሮዬ ሰምቻለሁ። የታለ?"

ይኸነው ከእግሩ ሥር የወደቀ ድንች አንሥቶ ወደ ክምሩ መለሰ።

"እሱንስ ጽፈኸዋል?"

"አልጻፍሁትም።"

"ታዲያ ክብሩ ከእኔ ቤት ብቻ ነው የሚለቀመው?"

ይኸነው ወጥቶ ከአጥሩ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። በየማለዳው ከጸሎቱ በፊት የሚያየው የአንባቢ ቁጥር አሁን በሃምሳ ጨምሯል። ጽሑፉን ነካው፤ ስልኩ "ይጥፋ?" አለው። ጣቱ ትንሽ ቆየ። ከዚያ አጠፋው።

አዲስ ገጽ ከፈተ። "ለጊዮርጊስ ጥላ ተስዬ ነበር" ብሎ ጀመረ። "ሥራ ከያዝሁ ሁለት ዓመት ሆነኝ፤ እስካሁን አላስገባሁም።" ሌላ የሚጨምረው አላገኘም። ጸሐፊ በሚለው፣ እስከ ዛሬ ባዶውን በተወው ቦታ ላይ ስሙን ከነአባቱ ሞላ፦ ይኸነው ሽባባው።