እንዳይቃጠል

በኅዳር ሚካኤል ዋዜማ ከጎልማሶች ትምህርት ስመለስ ዳገቱ ላይ ባለው የመብራት እንጨት የተለጠፈ የወረዳ ማስታወቂያ አየሁ። ጣቴን ከፊደል ወደ ፊደል እያስኬድኩ አነበብኩት። «ነገ በየመንደሩ ቆሻሻ እንዳይቃጠል» ይላል። ደስ አለኝ። ልጄ ሄርሜላ አስም አለባት፤ አምና ሰፈሩ ኅዳርን ሲያጥን ጤና ጣቢያ አድረናል።

ግቢ ስገባ ጎረቤቶቼ ጋሽ መሸሻና ጽጌረዳ ለማግስቱ ጥራጊ ይከምራሉ። ላስቲክ፣ አሮጌ ጫማ፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል። ክምሩ ከመስኮቴ ሥር ነው።

«ጋሽ መሸሻ፣ ማቃጠል ተከልክሏል። አሁን አንብቤ መጣሁ።»

«ማን? አንቺ?» አለች ጽጌረዳ። «ገና ‹ሀ ሁ› ላይ አይደለሽም እንዴ?»

«‹እንዳይቃጠል› ነው የሚለው።»

«‹እንዲቃጠል› ይሆናል የኔ እመቤት። የ‹ዲ›ን እግር አላየሽም፤ ‹ይ›ዋን ደግሞ ፈርተሽ ከራስሽ ጨመርሻት።»

ጋሽ መሸሻ ሳቁ። «ኅዳር ሳይታጠን በሽታ በምን ሊወጣ ነው? ለልጅሽም ይበጃታል።»

«እንግዲያው ኑና እዩት።»

«ለወረቀት ብዬ ያንን ዳገት አልወጣም፣ ልጄ።»

ስለዚያች ‹ይ› ሳስብ አደርኩ። አይቻታለሁ ወይስ ተመኝቻት ነው? ጠዋት ጋሽ መሸሻ ክብሪት ሲጭሩ ልጄን ይዤ ወደ ቤት ገባሁ። በሩን ዘጋሁ፤ ነጠላዬን በውሃ ነክሬ ስንጥቁ ላይ ወተፍኩት። ጭሱ በጣሪያው ገባ። ሄርሜላ ትከሻዋን እያነሣች፣ ደረቷ እያፏጨ መተንፈስ ጀመረች። የሚነፋው መድኃኒቷም አላስታገሰላት።

ጩኸቴን ሰምታ የመጣችው ጽጌረዳ ልጅቷን ስታይ ፊቷ ተለወጠ። «በስመ አብ! ባጃጅ ልጥራ!» ብላ ሮጠች። ጋሽ መሸሻ እሳቱ ላይ ውሃ ደፉበት፤ ይባስ ብሎ ጨሰ።

ሦስታችን በባጃጅ ወደ ጤና ጣቢያ ስንሄድ አዲሱ ገበያ ሰፈር ላይ መንገዱ ተዘጋግቷል። በየሰፈሩ ጭስ ይወጣል፤ እንጦጦ አይታይም። ባጃጁ በቆመበት፣ ከአጠገባችን ባለው ምሰሶ ላይ ያው ማስታወቂያ ተለጥፏል። ጽጌረዳ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አነበበችው።

«እንዳይ...» ብላ አቆመች። «ይቅር በይኝ፣ እ... እኔ እኮ...»

ቀና ብዬ አላየሁም። ዓይኔ ከሄርሜላ ከንፈር ላይ ነበር፤ መጥቆር ጀምሯል።

«ሹፌሩን እለፍ በይው» አልኳት።