ያለ ድምፅ ማጉያ የተደረገው የከውሰር ሠርግ

የመምህር ቢሰጥ አባት የምድር ባቡር ሠራተኛ ስለነበሩ፣ መምህር ያደጉት አዋሽ ሰባት ኪሎ፣ ከጣቢያው አጠገብ ነው። ሰንበት ተማሪ ነበሩ፤ ሰባኪ ሆኑ፤ አሁን ስብከታቸው በየሰው ስልክ ይዞራል። አለባበሱም፣ አነጋገሩም፣ የዘመኑ ነገር ሁሉ ያስቆጣቸዋል። ከሁሉ የሚያንገበግባቸው ግን ሠርግ ነው።

«ድምፅ ማጉያው ሲጮኽ ሰው ዝም ይላል! እናቶቻችን እኮ የዳሩን በገዛ ጉሮሯቸው ነው!»

ምእመናኑ ይህን ሲሰሙ እልል ይላሉ። የራሳቸው ሠርግ ሲደርስ ግን ግድግዳ የሚያክል ድምፅ ማጉያ ያስመጣሉ። ዓመታት እንዲሁ አለፉ።

አንድ ቀን ስልካቸው ጠራ።

«መምህር፣ ኸሊዳ እባላለሁ። የወሎ ሰው ነኝ፤ ሰመራ ላይ ሆቴል አለኝ። የሠርጉን ስብከትዎን ሰምቼው ከልቤ አልወጣ አለ። ልጄን ከውሰርን ያለ ድምፅ ማጉያ ልድራት ነው። መጥተው ይዩልኝ።»

መምህር ከወንበራቸው ብድግ አሉ። «ሙስሊም ነዎት አይደል?»

«አልሐምዱሊላህ። የክርስቲያን እንግዶች ማዕድ ለብቻው ይሰናዳል፤ አይስጉ።»

«ስንቅዬ!» ብለው ወደ ባለቤታቸው ወደ ስንቅነሽ ሮጡ። «ከገዛ ምእመኖቼ ያጣሁትን ሰው ሰመራ አገኘሁት!»

የሠርጉ ቀን ደርሶ ጉዞ ሲጀምሩ መምህር እንደ ልጅ መቀመጥ አቃታቸው። ገዋኔ ላይ ሹፌሩ ሻይ ልጠጣ ቢል እንዳይቆም ለመኑት። ሎጊያ ላይ ከባድ መኪኖች መንገዱን ሲዘጉ ሊወርዱ በሩን ከፈቱ።

«በእግርህ ልትደርስ ነው?» አሉ ስንቅነሽ እየሳቁ።

አዳራሹ በሰው ጢም ብሏል። ሙሽሮቹ ገብተው ተቀመጡ። ከዚያ በኋላ ግን ጭጭ ሆነ። ወጣቶቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ ማን ይጀምር? አንዱ ጎረምሳ ጮክ ብሎ «ለቅሶ ቤት መሰለ እኮ!» አለ። ሳቁ አዳራሹን ሞላው።

መምህር ላብ አጠመቃቸው። «ሴትዮዋን በሰው ፊት አዋረድኳት» አሉ ለስንቅነሽ በሹክሹክታ።

ያን ጊዜ ኸሊዳ ጫማዋን አውልቃ ጥግ የተቀመጠውን ከበሮ አንስታ መሀል ገባች። ዘፈኑን ስትጀምር ድምፅዋ ተሰነጠቀ። ደገመችው። የወሎ እናቶች ተቀበሏት፤ ጭብጨባው ከጥግ እስከ ጥግ ተያያዘ። የሙሽራው የናስር ጓደኞች፣ የአፋር ጎበዛዝት፣ ክብ ሠርተው ወለሉን ሲመቱት ጣሪያው የሚነሳ መሰለ። ያ ጎረምሳ ራሱ ሸሚዙ በላብ ተጣብቆ ይዘላል።

መምህር ቢሰጥ ከመቼው እንደተነሱ አያውቁትም። እያጨበጨቡ፣ የማያውቁትን ግጥም እየተቀበሉ ይጮኻሉ።

«ኧረ ሰው ያይሃል!» አሉ ስንቅነሽ እጅጌያቸውን ይዘው።

«ይየኛ!»

በኋላ ኸሊዳ እጃቸውን ይዛ ወደ ሙሽሮቹ ወሰደቻቸው። «መምህር፣ ልጆቼን ይመርቁልኝ።»

ሕዝቡ ምርቃቱን ሊቀበል እጁን ዘረጋ። መምህር አፋቸውን ቢከፍቱ ሲጮኹበት የቆዩት ድምፃቸው ጠፍቷል፤ የወጣው ትንፋሽ ብቻ ነው።

«ውለዱ... ክበዱ...» አሉ በስንት መከራ፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ።

«አሚን!» አለ አንደኛው ወገን፤ «አሜን!» አለ ሌላው።