ያልዋጥኩት የስድስት ቀን ክኒን

የፀጉር አስተካካይ ትልቁ መከራ መስታወቱ ነው። ከፊት አለ፣ ከኋላ አለ፤ የደንበኛህን ማጅራት አየሁ ስትል የራስህን ዓይን ታያለህ። ማክሰኞ ጠዋት የጡረተኛውን አስተማሪ ጢም እየላጨሁ ቀና ስል ዓይኔን ቢጫ ሆኖ አገኘሁት። ምላጩን ከጉንጫቸው አነሳሁ።

«ምነው፣ ቆረጥከኝ እንዴ?» አሉ አስተማሪው።

«የለም ጋሼ፣ መብራቱ ነው።» መብራቱ ምን በወጣው!

ይህን ቢጫ አውቀዋለሁ። ከዓመት ተመንፈቅ በፊት በመጠጥ ያበላሸሁት ጉበት ወጥቶ የታላቅ እህቴ ጉበት ግማሽ ሲገባልኝ ነው የለቀቀኝ። እትዬ ሆዷን አስቀድዳ ሰጠችኝ።

ከሦስት ሳምንት በፊት ልጁን የዳረ ደንበኛዬ ጠርሙስ ይዞ ሱቄ መጣ። አንድ መለኪያ ብቻ ብዬ ጠጣሁ። ከዚያማ ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነና ስድስት ቀን ተከታትዬ ጠጣሁ። ደግሞ አዋቂ ነኝ! መጠጥና መድኃኒት አይደባለቁም ሲባል ስለሰማሁ፣ ሰውነቴ የእህቴን ጉበት እንዳይጠላው የሚያደርገውን ክኒን በእነዚያ ቀናት ተውኩት። መጠንቀቄ ነበር። እትዬ በየማታው ስትደውል «ውጬአለሁ» እላታለሁ። በሰባተኛው ቀን ደንግጬ መጠጡን ትቼ ክኒኑን ጀመርኩ፤ ለማንም ግን ትንፍሽ አላልኩም።

ማክሰኞ ደወልኩላትና መጣች። ዓይኔን አየችና «ተነስ» አለችኝ።

ሐኪም ቤት ደሜ ተመርምሮ እስኪመጣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። «አይዞህ» አለችኝ፣ «ጉበቴን አውቀዋለሁ፤ እንደኔ ግትር ነው።» ሳቅሁላት። ሞትን እፈራለሁ፤ እሷ ማወቋን ደግሞ ከሞት እኩል ፈራሁት።

ሐኪሟ ወረቀቱን አይታ፣ «ያቋረጡት መድኃኒት አለ?» አለችኝ።

እትዬ ቀደመችኝ። «እሱ? ሰዓቱን ጠብቆ ነው የሚውጠው። እኔ ራሴ ነኝ የምደውልለት።»

«እሳቸው ይንገሩኝ» አለች ሐኪሟ ወደኔ ዞራ። «ሕክምናው የሚወሰነው በዚህ ነው፤ ካሳሳቱኝ ሕይወትዎን ሊያጡ ይችላሉ።»

እትዬን ውጪ ጠብቂኝ ልላት አሰብኩ፤ እሱንም ፈራሁ።

«ስድስት ቀን አልዋጥኩም» አልኩ። «እየጠጣሁ ስለነበር ነው። ይጣላል ብዬ።»

እትዬን አላየኋትም። ትንፋሿን ግን ሰማሁት።

«መጠጡ መጥፎ ነው» አለች ሐኪሟ፤ «የባሰው ግን ክኒኑን መተውዎ ነው። ሰውነትዎ ጉበቱን መዋጋት ጀምሯል። ዛሬውኑ ይተኛሉ፤ ጠንከር ያለ መድኃኒት እንሞክራለን።»

«ባይሠራስ?» አለች እትዬ።

ሐኪሟ ወረቀቱን መልሳ ተመለከተች።

«ካልሆነ የኔ አለ አይደል? መልሶ አድጓል ብላችሁኛል። ከሱ ቀንሱለት።»

«አንድ ሰው ሁለት ጊዜ አይሰጥም፣ እናቴ።»

በሰከርኩባቸው ዓመታት ሁሉ፣ ከመንገድ ዳር ስታነሳኝ እንኳ፣ እትዬ የምታደርግልኝ ነገር አጥታ አታውቅም። አሁን እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ከዚያ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። እንዲህ ስታለቅስ አይቻት አላውቅም። እጄን ዘረጋሁላት፤ አልያዘችውም።