የጣት ጫፍ የምታክል ቀዳዳ

«እኔ እኮ ለሐኪሙ ካሜራውን አይቼለት ቢሆን ኖሮ አባዬ ዛሬ ይሄኔ ሻይ ይጠጣ ነበር» አለች ልጅቱ፣ ለለቀስተኞቹ ስኳር እያዞረች። አክስቷ በዓይኗ ቆነጠጠቻት፤ እሷ መች ደንግጣ!

ጉራው ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። አባቷ የቧንቧ ሠራተኛ ነበር። የተደፈነ ቱቦ ሲገጥመው ግድግዳ አያፈርስም፤ ጫፏ ላይ ካሜራ ያላት ቀጭን ሽቦ ይሰድና ልጁን ስክሪኑ ፊት ያስቀምጣታል።

«የታለ ሌባው?»

«ያውልህ አባዬ፣ የእማዬ ፀጉር!»

የእሱም ጭንቅላት ውስጥ ደም ሲፈስ ሐኪሙ እንዲሁ ነው ያደረገው። አጥንቱን የጣት ጫፍ በምታክል ቀዳዳ በሳው፤ ካሜራ ያላት ቀጭን ቱቦ አስገብቶ የረጋውን ደም መጠጠው። ታዲያ ለምን ሞተ? በሦስቱ የሐዘን ቀናት ይህን ያልጠየቀችው ሰው የለም። «እግዜር ያውቃል» ሲሏት፣ «እሱማ ያውቃል፤ ያላወቅኩት እኔ ነኝ» ትላለች።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ቀዶ ጥገናው ላይ የነበረችው ነርስ ለቅሶ መጣች። ልጅቱ አጠገቧ ሽጉጥ አለች።

«ሲስተር፣ ደሙ ሳይወጣ ቀርቶ ነው?»

«ወጥቷል፣ የኔ እናት። በስክሪኑ አይቼዋለሁ።»

«ታዲያስ?»

«አንጎል እንደ ቧንቧ አይደለማ። ደሙ ቢወጣም፣ አንዴ የሞተው ቦታ አይመለስም።»

«ሁለት ሰዓት ቀደም ብሎ ቢመጣስ?»

ነርሷ ብርጭቆዋን አስቀመጠች። «ሁለት ሰዓት ለምን አልሽ?»

አባቷ የታመመ ቀን፣ ምሳ ላይ ማንኪያው ከእጁ ወደቀ። አፉ ወደ አንድ ጎን ተጣመመ፤ «ውሃ» ማለት አቅቶት ተኮላተፈ። አባቷ ደግሞ እሷን ሳያስቅ ውሎ አያውቅም። እሷም አፏን አጣማ መለሰችለት፤ ሆዷን ይዛ ሳቀች። እሱ ጋደም ሊል ገባ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ሲቀሰቅሱት አልነቃም።

ሁሉንም ተናገረች፤ የጉራዋ ድምፅ ግን የት እንደገባ እንጃ።

«ቶሎ መምጣት ይረዳል» አለች ነርሷ። «ይድን ነበር ብዬ ግን አልምልልሽም።»

«ማወቅ ነበረብኝ። እኔ እኮ ቶሎ ነው የሚገባኝ!»

እናቷ ባዶ ብርጭቆዎች ይዛ ከኋላዋ ቆማ ኖሯል።

«አብሬው ምሳ የበላሁት፣ ትራሱን ያመቻቸሁለት፣ ሃያ ዓመት አብሬው የኖርኩት እኔ አላወቅኩም፤ አንቺ ማን ነሽና ነው የምታውቂው? ይልቅ ተነሺ፣ ብርጭቆ እጠቢ።»