ቁምሳጥን

ልብስ ሰፊዋ የልጇን ጃኬት ኪስ በትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ጠረጴዛ ላይ ገለበጠችው። የከረሜላ ወረቀት ተንኮሻኩሾ ወረደ፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ።

"ይሄ ምንድን ነው ጋሼ?"

ዳይሬክተሩ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቀለ። "ከረሜላ ነዋ። ልጅ መቼም..."

"ልጄ እኮ ስኳር በሽታ አለባት! ስፖርት ባላት ቀን ሁሉ ስኳሯ ጣራ ነክቶ ትመጣለች። 'ምን በላሽ?' ስላት 'ምንም'። እኔ እቆጣለሁ፣ እሷ ታለቅሳለች። ትናንት የተቀደደ ኪሷን ልሰፋ ስል ይሄን አገኘሁ።"

እሳት ጎርሳ እሳት ለብሳ ነበር የመጣችው። የሰው ቀሚስ የስፌት መኪናው ላይ ጥላ፣ ሜትሯን ከአንገቷ ሳታወርድ።

የስፖርት መምህሩ ተጠራ። ገና ለጋ ወጣት ነው። ወረቀቶቹን ሲያይ ፊቱ በራ።

"እኔ ነኝ የምሰጣት እትዬ። ስኳር ያለበት ሰው ድንገት እንዳይወድቅ ከረሜላ ይያዝ ሲሉ ሰምቼ። ስንጀምር ሁለት፣ ስንጨርስ ሁለት።"

"ታዲያ ትሮጣለች?"

"ኧረ መች አስሮጣታለሁ! አግዳሚው ላይ፣ ጥላ ስር ነው የማስቀምጣት። የልጆቹን ጃኬት ትይዝልኛለች። አንጀቴ አይችልም እኮ።"

ስኳር እያጎረሱ ማስቀመጥ! ጠላት ቢመክርባት ከዚህ የባሰ ምን ያመጣ ነበር?

"ከረሜላው ስኳሯ ሲወርድ ነው፣ ልጄ። ሐኪሟ ያለው 'እየተለካች እንደ እኩዮቿ ትሩጥ፣ ሩጫው መድኃኒቷ ነው' ነው። ዓመቱ ሲጀመር እዚሁ ቆሜ ተናግሬያለሁ።"

ዳይሬክተሩ ጉሮሮውን ጠረገ። "መናገሩንስ ተናግረሻል። ግን እህቴ፣ ሜዳ ላይ ብትወድቅ ተጠያቂው ማን ነው? ትቀመጥ ያልኩት እኔ ነኝ። ተቀምጦ የሞተ የለም።"

"ተቀምጦ የታመመ ግን አለ። ይቺው የኔዋ!"

በመስኮቱ ሜዳው ይታያል። የልጇ ክፍል ለስፖርት ወጥቷል። ልጅቷ አግዳሚው ላይ ናት፤ ልጆቹ በአጠገቧ ሲያልፉ ጃኬታቸውን ይወረውሩባታል። ክምሩ አገጯ ደርሷል።

"ቁምሳጥን! የኔንም ያዢ!" አለ አንዱ። ሳቁ ቢሮው ድረስ ተሰማ።

ቁምሳጥን። ቤት ውስጥ ስሟ ፌንጣ ነበር፣ ከአልጋ አልጋ ስለምትዘል። መዝለሉን ከተወች ከርማለች። እናትየው በሽታው መስሏት ነበር።

ወጥታ ሜዳውን አቋረጠች። ሁለቱ ወንዶች ተከተሏት። ክምሩን ከልጇ ጭን አንስታ፣ "ለኪ" አለቻት።

ልጅቷ የስኳር መለኪያዋን ከኪሷ አውጥታ ጣቷን ወጋ አደረገችና ቁጥሩን አየች። "ደህና ነው እማዬ።"

"በይ ሩጪ። መምህሩ የሚሰጥሽ ከረሜላ ኪስሽ ውስጥ ይሁን። ካንቀጠቀጠሽ ወይ ካዞረሽ ቁጭ ብለሽ ትበያለሽ፤ አለዚያ አይነካም።" ወደ ወጣቱ ዞረች። "አንተ ደግሞ ዓይንህ ከእሷ እንዳይነቀል።"

"እሺ እትዬ" አለ፣ መሬት መሬት እያየ።

ጃኬቶቹን በሙሉ ለዳይሬክተሩ አስታቀፈችው። "ተቀምጦ የሞተ የለም ብለዋል። ይቀመጡ።"

ፊሽካው ተነፋ። ልጅቷ መጀመሪያ እግሯን እንደ አዲስ ጫማ ሞከረችው፤ ከዚያ ሮጠች። "ቀስ በይ!" የሚል ጩኸት እናትየው ጉሮሮ ላይ ደረሰ። ዋጠችው።

አንድ ዙር ሲያልቅ ልጅቷ ልማድ ሆኖባት ወደ አግዳሚው አቀናች። ደረቷ ይወጣል ይወርዳል። የእናትየው ልብም እንደዚያው። እጇ ልጅቷን ስባ ልታስቀምጥ ተዘርግቶ ነበር።

"አንቀጠቀጠሽ? አዞረሽ?"

"አይ። ደክሞኝ ነው።"

እጇን ሰበሰበች። "ድካምማ የሁሉም ነው። ሂጂ" አለችና መንገዱን ለቀቀችላት።