መቅጃው የሰማው

አማቼ ዲጄ ነው። ልጄን ሊያገባ ሲመጣ ሥራው ምን እንደሆነ ብጠይቀው «ሰው አስጨፍራለሁ» አለኝ። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ያህል ከሰላምታ ያለፈ ነገር አልተነጋገርንም። ራሱ የበሩን ጉበን ስለሚነካ ባለቤቴ «ረጅሙ» ትለዋለች፤ እኔም እንደዚያው።

ያቀራረበን መቅጃ ነው። አርባ ዓመት ሬዲዮና ቴፕ ስጠግን ኖሬአለሁ። አንድ ቀን የመዳፍ ስፋት ያላት መቅጃ ገዝቶ መጣና «አባባ፣ እያጫወትኩ መቅዳት አልቻልኩም። አንዱን ስይዝ ሌላው ያመልጠኛል» አለኝ። ገልብጬ አየኋት። ጥሩ ዕቃ ናት። ቅዳሜ አብሬው ወደሚሠራበት ጭፈራ ቤት ሄድኩ።

ሥራው እንዲህ ነው። አንድ ሽቦ ዘፈኖቹን ከሚያቀላቅልበት ሚክሰር ወጥቶ መቅጃዋ ውስጥ ይገባል፤ ዘፈኑን ብቻ ይወስዳል። ሌላ ትንሽ ማይክ ምሰሶው ላይ፣ ከሰው ራስ ከፍ አድርጌ አስራለሁ፤ የሰዉን ጩኸትና ፉጨት ይወስዳል። ሁለቱ ካልተቀላቀሉ ቅጂው እንግዳ ያልመጣበት ሠርግ ይመስላል። ባትሪ ሁልጊዜ አዲስ አስገባለሁ። የድምፁን መጠን መጀመሪያ ላይ ዝቅ አድርጌ እተወዋለሁ፤ ሰው ሲሞላ የዲጄ ሁሉ እጅ ድምፅ ወደ መጨመር ይሄዳልና። ይህን ያላወቀ ሰው ጠዋት የሚያገኘው ስንጥቅጥቅ ያለ ጩኸት ነው። እኔም ያወቅኩት የመጀመሪያዋን ቅዳሜ ሙሉ በሙሉ አበላሽቼ ነው።

ከዚያ ስምንት ወር ሳላቋርጥ ቀዳሁለት። ጥግ ላይ ተቀምጬ የመቅጃዋን መብራቶች አያለሁ፤ እሱንም አያለሁ። እሱ የሚያየው የሰዉን እግር ነው። እግር ሲደክም ዘፈን ይቀይራል። ይህን ካየሁ በኋላ ሥራ መሆኑን አመንኩ።

ሰኞ ሰኞ ቅጂውን በማዳመጫ እሰማለሁ። በአምስተኛው ወር ገደማ ቀጭኑ ድምፅ፣ ትሬብል የሚሉት፣ መጉላት ጀመረ። ዘፋኙ «ሰ» ባለ ቁጥር እንደ ምላጭ ይቆርጣል። በየሳምንቱም ትንሽ ትንሽ ይጨምራል። ማዳመጫ ቀየርኩ። ሽቦ ቀየርኩ። ያው ነው። ጭፈራ ቤቱ ውስጥ ያለ ሰው አያስተውለውም፤ ጠጥቷል፣ ጆሮውም ደንዝዟል። መቅጃ ግን አይጠጣም።

በስምንተኛው ወር ረጅሙ እየሮጠ መጣ። አንድ ትልቅ አዳራሽ ያለው ሰው ዲጄ ይፈልጋል፤ የቅዳሜውን ቅጂ እስከ ረቡዕ ላክልኝ ብሎታል።

ሰኞ ጠዋት መሥሪያ ክፍሌ ጠራሁት። ከአራት ወር በፊት ያጫወተውን አንድ ዘፈን አሰማሁት። ቀጥዬ ያንኑ ዘፈን ከቅዳሜው ቅጂ አሰማሁት።

«ልዩነቱ ምንድነው?»

«አንድ ዘፈን አይደለም እንዴ፣ አባባ?»

«ነው። ልዩነቱን ነው የጠየቅኩህ።»

ዓይኑን ጨፍኖ ደግሞ ሰማ። «ምንም የለውም።»

ባለቤቴን ጠራኋት። እጇን በጨርቅ እየጠረገች መጣች። ማዳመጫውን አደረግኩላት። የመጀመሪያውን ዝም ብላ ሰማች። ሁለተኛው እንደጀመረ ማዳመጫውን መንጭቃ አወለቀችው።

«ውይ! ጥርሴን አሳከከው! ምንድነው ይሄ፣ ቢላ ትስላለህ እንዴ?»

ረጅሙ ሳቀ። ከዚያ እኔን አየኝ፤ ሳቁን ተወ።

«ቀጭኑን ድምፅ መስማት ያቃተህ ከመቼ ወዲህ ነው?» አልኩት።

ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። «ግራ ጆሮዬ ዓመት አልፎታል። ቀን ከሌት ያፏጫል። ፉጨቱን እንዲሸፍንልኝ ሬዲዮ ከፍቼ ነው የምተኛው። ልጅዎ ዜና የምወድ ይመስላታል።»

«ሐኪም አየህ?»

«ሄጄ ምን ልስማ? ሥራህን ተው ሊለኝ?»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» አለች ባለቤቴ።

«እማማ፣ በጆሮዬ እኮ ነው እንጀራ የምበላው።» ወደ እኔ ዞረ። «አባባ፣ ቅጂው ላይ ትሬብሉን መቀነስ ይችላሉ አይደል?»

የአንድ ሰዓት ሥራ ነው።

«እችላለሁ፤ አላደርገውም» አልኩት።

«ለምን?»

«ሰውየው ቅጂውን ወዶ ይቀጥርሃል። ከዚያ የአዳራሹን ሰው ሁሉ ጥርሱን ያሳክከዋል። እዚያ የሚቀንስልህ ማነው?»

«የአብራክዎ ልጅ ብሆን ያደርጉት ነበር» ብሎ ተነሳ። ጎንበስ ማለት ረስቶ ግንባሩ ከጉበኑ ጋር ተጋጨ። ማንም አልሳቀም።

«አበዛኸው» አለችኝ ባለቤቴ።

«ቢላ ያልሽው አንቺ አይደለሽም?»

«እኔ ምን አውቄ!»

ያን ቀን ምሳ አልበላሁም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ። የእሱ ከባዳም አልፎ ከድቶታል።

ሐሙስ ተመልሶ መጣ። የሐኪም ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ። የሄደው አይመለስም፤ የቀረው ግን ሊጠበቅ ይችላል፤ የጆሮ መሰኪያ ያድርግ፣ ከድምፅ ማጉያው ይራቅ ይላል።

«ሰውየው ጋ ደውዬ እስከ እሑድ ለመንኩት» አለ። «ሌሎችም አሉ፣ እጠብቅሃለሁ አልልም ብሎኛል። በዚህ ቅዳሜ የምንቀዳውን እልካለሁ። ትሬብሉን እርስዎ ይወስኑልኝ።»

«እኔ ሰባ ሞልቶኛል። ሲበዛ አውቃለሁ፤ የት ላይ ይቁም ብባል ግን የእኔንም ጆሮ አላምነውም።»

«ታዲያ ማን?»

ሁለታችንም ወደ ማድ ቤቱ አየን።

ቅዳሜ ከሰዓት ጭፈራ ቤቱ ባዶ ሳለ ባለቤቴን ይዘናት ገባን። በዕድሜዋ እንዲህ ያለ ቤት ረግጣ አታውቅም። በቀን ሲያዩት መጋዘን ነው፤ ወለሉ ጫማ ይይዛል፣ የፈሰሰ ቢራ ይሸታል። ወንበር አስመጥታ መሃል ላይ ተቀመጠች፤ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ።

«ለዚህ ነው ሰው የሚሰለፈው?»

«ሲጨልም ያምራል፣ እማማ።»

«ሲጨልም ሁሉም ያምራል።»

ረጅሙ ዘፈን ከፈተ። እኔ ትሬብሉን ቀስ እያልኩ ጨመርኩ።

«በቃ!» አለች።

ጥቂት አከልኩበት።

«በቃ አልኩ እኮ! አንተም ደነቆርክ?»

«ሰው ሲሞላ ገላውና ልብሱ ቀጭኑን ድምፅ ይጠጣዋል። ባዶ ቤት ውስጥ ትንሽ ሊከነክንሽ ይገባል።»

«ትንሽ ከሆነ እሺ።»

እዚያው ላይ አቆምኩ። ፒንሳዬን አውጥቼ ከሚክሰሩ ላይ የሁለቱንም ማጫወቻዎች የትሬብል ማዞሪያ ቁልፎች ነቀልኩና ኪሴ ከተትኩ። ቀጫጭን የብረት ዘንጎች ብቻ ቀሩ።

«አባባ! ያለ እነሱ በምን ላቀላቅል?»

«በወፍራሙ ድምፅ፣ በቤዙ።»

ማታ ቤቱ ሞላ። የመቅጃዋ መብራቶች አረንጓዴ፣ አልፎ አልፎ ቢጫ ይሆናሉ። ረጅሙ መሰኪያውን አድርጎ፣ እግር እያየ ያጫውታል። ጭፈራው ሲግል እጁ እንደለመደው ወደ ትሬብሉ ሄደ። ጣቱ ዘንጉን ነካ። ቆመ። ሊያዞረው ይችል ነበር፤ ዘንጉም ለጣት አይከብድም። ቀና ብሎ ወደ ጥጉ አየኝ። እኔ መብራቶቹን የማይ መሰልኩ። እጁን አወረደና ዘፈን ቀየረ።

እሑድ ቅጂውን ትሬብሉን ሳልነካ ላክነው።

በሳምንቱ ሐሙስ የረጅሙ ስልክ ሲጮህ እኛ ቤት ነበር። ግራ ጆሮው ላይ አደረገውና ወዲያው ወደ ቀኙ አዛወረው። ከእኛ መደበቁን ትቷል። ብዙ አዳመጠ፤ ጥቂት ተናገረ፤ ዘጋው።

«የአዳራሹ ሰውዬ ምን አለ?» አለች ባለቤቴ።

«ቅጂውን ወዶታል፤ ና አለኝ። ከዚያ የግራ ጆሮዬን ነገር ነገርኩት።»

«አንተ ሰው! እሱስ?»

«እንግዲያው ለአንድ ወር ሞክርና እንይህ አለኝ።»

«ሳትጠየቅ ምን አስለፈለፈህ?»

«ነገ ከቅጂ ከሚሰማው» አለ፣ «ዛሬ ከአፌ ይስማው ብዬ ነው።»